በላስቲክ የሚበረውን ትንሽ አይሮፕላን በራዲዮ ስለ መምራት

ከባልሳ እንጨትና ከስስ ወረቀት የተሠራ፣ በተጠመዘዘ ላስቲክ ኃይል የሚበር ትንሽ አይሮፕላን ለብዙ ሰው የልጅ መጫወቻ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ይህን መጫወቻ በራዲዮ እንዲታዘዝ አድርጎ ለመለወጥ የተነሣ ተማሪ፣ በክፍል ውስጥ ለፈተና ብቻ የሚያጠናቸውን ነገሮች፣ ማለት የኃይሎችን ሚዛን፣ የአየርን ክብደት፣ የኤሌክትሪክን ጉልበትና የቁሳቁስን ጥንካሬ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተሰብስበው ያገኛቸዋል። በፈተና ወረቀት ላይ የተሳሳተ ስሌት የሚያስከፍለው ጥቂት ማርክ ነው፤ እዚህ ግን የሦስት ሳምንት የማታ ሥራ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ስንጥር ሆኖ ይቀራል። ጉዳዩን ለጓደኞቻችን በሥርዐት ማቅረብ ተገቢ መስሎ የታየንም ስለዚህ ነው። በዚህ በተባዛ ገጽ ላይ ሥዕል በጥራት ስለማይወጣ ሁሉን በቃልና በቍጥር ለመግለጽ እንሞክራለን።

1. ጥቂት ታሪክ

አልፎንስ ፔኖ የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ በ1871 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ፣ በቱይልሪ የአትክልት ስፍራ፣ በላስቲክ የሚነዳ ትንሽ አይሮፕላን በሰው ፊት አበረረ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። አይሮፕላኑ 11 ሴኮንድ ያህል በአየር ላይ ቈየ። የራይት ወንድማማቾች ሰው ያለበትን አይሮፕላን ያበረሩት በ1903 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ የፔኖ መጫወቻ በ32 ዓመት ይቀድማል ማለት ነው። የፔኖ ትልቁ ሥራ ግን ላስቲኩ አይደለም። ክንፎቹን ወደ ጫፋቸው ሽቅብ አድርጎ፣ ከኋላም ጅራት አበጅቶ፣ ነጂ የሌለው አይሮፕላን ሚዛኑን ራሱ እንዲጠብቅ ማድረጉ ነው።

በሌላ በኩል ኒኮላ ቴስላ በ1898 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ አንዲት ትንሽ ጀልባ በራዲዮ ማዕበል መርቶ አሳየ። እነዚህን ሁለት አሳቦች፣ ማለት የራሱን ሚዛን የሚጠብቀውን አይሮፕላንና ከሩቅ የሚታዘዘውን መሪ፣ በማገናኘት ከታወቁት አንዱ ዋልተርና ዊሊያም ጉድ የተባሉ አሜሪካውያን መንትያ ወንድማማቾች በ1937 ዓ.ም. ያበረሩት «ጋፍ» የተባለው አይሮፕላን ነው። ያን ጊዜ የራዲዮው ተቀባይ በመስታወት ቱቦ የሚሠራ ስለ ነበረ፣ እርሱንና ባትሪዎቹን ለመሸከም አይሮፕላኑ ትልቅ መሆን ነበረበት። ትራንዚስተር በ1947 ዓ.ም. ከተፈለሰፈ በኋላ መሣሪያው ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ ሄዶ፣ ዛሬ አንድ ሙሉ ተቀባይ ከ2 ግራም ያነሰ ሆኗል። በኪስ መሐረብ ስፋት ክንፍ ያለውን የወረቀት አይሮፕላን በራዲዮ መምራት የተቻለውም ከዚህ የተነሣ ነው።

2. ዋናው አሳብ፤ ብቻውን መብረር የማይችለውን ራዲዮ አያድነውም

ብዙ ጀማሪዎች ራዲዮ ከተገጠመ በኋላ የአይሮፕላኑን ጉድለት ሁሉ በእጅ ማረም የሚቻል ይመስላቸዋል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ይህን የሚያህል ቀላል ነገር በነፋስ ሲናወጥ እንቅስቃሴው ከሰው ዐይንና ጣት ይፈጥናል። ስለዚህ አይሮፕላኑ በመጀመሪያ ብቻውን በሰላም የሚበር መሆን አለበት፤ የኛ ድርሻ «ወደዚህ ሂድ» ማለት ብቻ ነው። የለመደች በቅሎ መንገዷን እንደምታውቅና ተቀማጩ ልጓሙን ብቻ እንደሚነካ ዓይነት ነው።

ታዲያ ከኋላ በቆመው ጅራት ላይ ያለች አንዲት መሪ ብቻዋን አይሮፕላኑን ወደ ጎን አዘንብላ የምታዞረው እንዴት ነው? መሪዋ አፍንጫውን ወደ ግራ ስትመልሰው ቀኙ ክንፍ ወደ ፊት ይቀድማል። ክንፎቹ ወደ ጫፋቸው ሽቅብ ስለ ሆኑ፣ የቀደመው ክንፍ አየሩን በሰፊ ማእዘን ይገናኘዋል፤ ስለዚህ የበለጠ ይነሣል። የቀረው ክንፍ ደግሞ ዝቅ ይላል። አይሮፕላኑም ወደ ግራ አዘንብሎ ይዞራል። በትልልቅ አይሮፕላኖች ክንፍ ላይ የሚታዩት ተንቀሳቃሽ መሪዎች በዚህ ሥራ ውስጥ የማያስፈልጉት ስለዚህ ነው። ክንፉን መቁረጥ፣ ተጨማሪ ሞተር መግጠም፣ ክብደት መጨመር ሁሉ ይቀራል።

ከዚህ የሚከተለው ምርጫ ግልጽ ነው። ለመለወጥ የሚመቸው ክንፉ ከላይ የተቀመጠ፣ ጫፎቹ በደንብ ሽቅብ ያሉ፣ ጅራቱ ረዘም ያለና ሰፊ የሆነ አይሮፕላን ነው። ክንፉ ከታች የሆነና ጫፎቹ እምብዛም ሽቅብ ያላሉት የጦር አይሮፕላን አምሳያ ለዐይን ቢያምርም ለመጀመሪያ ሥራ አይመከርም። ከጫፍ እስከ ጫፍ 30 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ የሆነውንና ክብደቱ 10 ግራም የማይሞላውንም በላስቲኩ እንደ በረረ ብንተወው ይሻላል፤ የምንጭነው ዕቃ ከአይሮፕላኑ ራሱ ይበልጣልና።

3. የክብደት ሒሳብ

የዚህ ሥራ ሞትና ሕይወት ያለው በሚዛን ላይ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 46 ሳንቲሜትር፣ ወርዱ 7.5 ሳንቲሜትር ነው እንበል፤ ስፋቱ 345 ካሬ ሳንቲሜትር ይሆናል። በላስቲክ ሲበር ጠቅላላ ክብደቱ 26 ግራም ነው። ከዚህ ላስቲኩን 5 ግራም፣ ፕሮፔለሩንና የአፍንጫውን እንጨት 3 ግራም ብንቀንስ 18 ግራም ይቀራል። አሁን የምንጨምረውን እንቍጠር፤

ሞተር ከጥርሳም ጎማዎቹና ከፕሮፔለሩ ጋር፣ 6 ግራም፤
ተቀባይ፣ የሞተሩን ፍጥነት ከሚቈጣጠረው ክፍል ጋር፣ 2 ግራም፤
መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሱ ሁለት ሰርቮዎች፣ 4 ግራም፤
ባለ አንድ ሴል ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ፣ 150 ሚሊ አምፔር ሰዓት፣ 4 ግራም፤
መግፊያ ዘንጎች፣ ሽቦ፣ ማጠፊያና ሙጫ፣ 2 ግራም።

ድምሩ 18 ግራም ነው፤ ስለዚህ አዲሱ ክብደት 36 ግራም ይሆናል። አይሮፕላኑ ላስቲኩን ጥሎ ዕቃውን ሲሸከም በ10 ግራም ከበደ ማለት ነው። 10 ግራም በእጅ ሲይዙት ምንም አይመስልም፤ ለዚህ ክንፍ ግን ከቀድሞው ሸክሙ ከሦስት አንድ በላይ ነው።

ሸክሙ ምን ያስከትላል? ክንፍ የሚሸከመው ኃይል በአየሩ ጥግግት፣ በክንፉ ስፋትና በፍጥነቱ ካሬ ልክ ያድጋል። ስለዚህ አይሮፕላኑ ሳይወድቅ ሊሄድበት የሚችለው ዝቅተኛ ፍጥነት በክብደቱ ካሬ ሥር ልክ ይጨምራል። በባሕር ወለል ላይ፣ በሜትር ኩብ 1.225 ኪሎ ግራም በሚመዝን አየር ውስጥ፣ የምሳሌያችን አይሮፕላን በ26 ግራም ክብደቱ በሴኮንድ 3.9 ሜትር ያህል ይበቃው ነበር፤ በ36 ግራም ግን 4.6 ሜትር ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ እኛን የሚመለከት ሌላ ነገር አለ። የእነዚህ አይሮፕላኖች መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በዝቅተኛ አገር ለሚኖሩ ሰዎች ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ፣ ሙቀቱ 17 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ጧት፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚመዝነው 0.91 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ይኸውም ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ያው ባለ 36 ግራም አይሮፕላን በኛ አየር ውስጥ በሴኮንድ 5.3 ሜትር ካልሄደ አይቆምም። የክብደቱና የከፍታው ጭማሪ ሲደመር ፍጥነቱ ከ3.9 ወደ 5.3 አደገ። መሬት ሲመታ የሚሰብረው ጉልበት ደግሞ በክብደቱና በፍጥነቱ ካሬ ብዜት ስለ ሆነ፣ ቀድሞ ከነበረው ሁለት እጥፍ ተኩል ደረሰ። እንጨቱ ግን ያው እንጨት ነው።

ከዚህ የምንማረው በዝቅተኛ አገር አንድ ግራም የሚቈጥቡ ሰዎች ካሉ እኛ ሁለት ግራም መቈጠብ እንዳለብን ነው። መንኰራኵሮቹን ማስቀረት ይቻላል፤ ሣር ላይ በሆዱ ይረፍ። ቀለም መቀባትም ይቅር፤ ወረቀቱ ራሱ ባለ ቀለም ይሁን። ጅራቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ሰርቮ አስቀርቶ፣ በጎን መሪና በሞተር ብቻ መብረርም ይቻላል፤ ሞተሩ ሲበረታ ይወጣል፣ ሲቀነስ ይወርዳል። ይህ ብቻውን ከ2 ግራም በላይ ያድናል።

4. ላስቲክና ባትሪ

ሸክሙ ይህን ያህል ከጐዳ ለምን እንለውጠዋለን? መልሱ በጉልበቱ ላይ ነው። ጥሩ ላስቲክ እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ በአንድ ግራም ወደ 10 ጁል ያህል ያጠራቅማል፤ አምስቱ ግራም 50 ጁል ማለት ነው። የ150 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ ግን በ3.7 ቮልት ሲሰላ 2000 ጁል ይይዛል፤ ክብደቱም 4 ግራም ብቻ ነው። አርባ እጥፍ መሆኑ ነው። ሞተሩ በአማካይ 2.5 ዋት ቢበላ፣ ከባትሪውም አምስት አራተኛውን ሳይሆን ከአምስት አራቱን እጅ ብቻ ብንጠቀም፣ 10 ደቂቃ ያህል ያበርራል። ላስቲኩ ያስበረረው ለአንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም ነበር።

ይህ ባትሪ ግን ንቀት አይወድም። ሲሞላ ከ4.2 ቮልት ማለፍ፣ ሲሠራ ከ3 ቮልት መውረድ የለበትም። የተበሳ ወይም ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ አይሮፕላናችን ደግሞ ወረቀትና ደረቅ እንጨት ነው። ስለዚህ ባትሪው ከአይሮፕላኑ ወጥቶ፣ በሸክላ ወይም በብረት ሳሕን ላይ፣ ሰው እያየው ይሞላ።

5. የሥራው ቅደም ተከተል

ሀ) ዕቃው ሁሉ የት እንደሚቀመጥ ወረቀቱ ከመልበሱ በፊት ይወሰን። ወረቀት ከለበሰ በኋላ ቀዳዳ ማበጀት ጥንካሬውን ያጠፋል። ባትሪው ከሆዱ በኩል የሚገባበት ትንሽ መዝጊያ ይሠራለት።

ለ) ሞተሩ የሚቀመጥበት አፍንጫ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ኮምፖንሳቶ ይጠናከር። የሞተሩ ዘንግ ወደ ታች 3 ዲግሪ፣ ወደ ቀኝም 2 ዲግሪ ያህል ይዘንብል። ምክንያቱም ሞተሩ ሲበረታ ፍጥነት ጨምሮ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ያነሣዋል፤ ፕሮፔለሩም ከኋላ ሲታይ ወደ ቀኝ ሲዞር አካሉን ወደ ግራ ሊገለብጠው ይሞክራል። ሁለቱ ዝንባሌዎች እነዚህን ይመልሳሉ። ትንሿ ሞተር እጅግ በፍጥነት ስለምትዞር በጥርሳም ጎማ ማዘግየትና ሰፋ ያለ ፕሮፔለር ማዞር ይጠቅማል፤ ብዙ አየር በቀስታ መግፋት ጥቂት አየር በኃይል ከመግፋት ያነሰ ጉልበት ይፈጃልና።

ሐ) ከቆመው ጅራት የኋላው አንድ ሦስተኛ በምላጭ ተቈርጦ መሪ ይሁን፤ ከተኛውም ጅራት እንዲሁ። ማጠፊያው ስስ ፕላስቲክ ወይም በስምንት ቍጥር አምሳል የተሰፋ ክር ሊሆን ይችላል። ፈተናው ቀላል ነው፤ አይሮፕላኑ ሲጋደም መሪው በራሱ ክብደት ካልወደቀ ማጠፊያው ጠንክሯል። የጎን መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ 15 ዲግሪ፣ የከፍታ መሪው ወደ ላይና ወደ ታች 10 ዲግሪ ቢንቀሳቀሱ ለመጀመሪያ ይበቃል።

መ) ሰርቮዎቹ በጅራት ሳይሆን በክንፉ ሥር ይቀመጡ። ከእነርሱ እስከ መሪዎቹ የሚደርሰው ዘንግ ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የካርቦን ዘንግ ቢሆን ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ሲገፋ እንዳይጐብጥ በየ8 ሳንቲሜትሩ በትንሽ ቱቦ ውስጥ ይለፍ።

ሠ) እንጨቱ በብርጭቆ ወረቀት ከለሰለሰ በኋላ ስሱ ወረቀት ይለበስ። የወረቀቱ ጭረት በክንፉ ርዝመት በኩል ይሁን። ከዚያ በጥሩ ጉም መሳይ ውሃ ይረጭና ክንፉ በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ በስፒል ተይዞ ይድረቅ፤ ወረቀቱ ሲደርቅ ስለሚሸመቀቅ ያልተያዘን ክንፍ ያጣምመዋል። በዚሁ ጊዜ የሁለቱ ክንፎች ጫፍ የኋላ ጠርዛቸው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይያዝ። ይህ የተደረገ እንደ ሆነ አይሮፕላኑ ፍጥነት ሲያጣ ጫፉ ሳይሆን መካከሉ ቀድሞ መሸከም ያቅተዋል፤ በዚህም ምክንያት ወደ አንድ ጎን ከመገልበጥ ይልቅ አፍንጫውን ብቻ ዝቅ ያደርጋል። በመጨረሻ ቀጭን ላከር ጥቂት ጠብታ የጉሎ ዘይት ተጨምሮበት አንድ ጊዜ ይቀባ፤ ዘይቱ ላከሩ ከጊዜ በኋላ እየደረቀ ክንፉን እንዳይጎትት ያደርገዋል። በክረምት ወረቀቱ እርጥበት ስቦ ስለሚላላ፣ ከማብረር በፊት ክንፎቹ ተጣምመው እንደ ሆነ ከፊትና ከኋላ ማየት ያስፈልጋል። «ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» እንደ ተባለው፣ ይህን ወረቀት ያለበሰ ሰው ዕቃውን ሁልጊዜ ከአጥንቱ ላይ እንጂ ከወረቀቱ ላይ አይዝም።

ረ) ዛሬ የሚሠራበት የራዲዮ ድግግሞሽ 2.4 ጊጋ ኸርትዝ ነው። የማዕበሉ ርዝመት 12.5 ሳንቲሜትር ስለ ሆነ፣ የተቀባዩ አንቴና የዚያ ሩብ፣ ማለት 3.1 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ይህች አጭር ሽቦ ብትቈረጥ ወይም ብትጠቀለል አይሮፕላኑ ይደነቍራል። ከሞተሩ ሽቦና ከካርቦኑ ዘንግም ትራቅ፤ ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና።

6. ሚዛኑን ስለ መጠበቅ

ዕቃው ሁሉ ከገባ በኋላ የክብደቱ ማእከል ከክንፉ የፊት ጠርዝ ጀምሮ ከወርዱ 30 በመቶ ላይ መዋል አለበት። በምሳሌያችን 2.25 ሳንቲሜትር ማለት ነው። በሁለቱም ክንፎች ሥር በዚህ ልክ ምልክት ተደርጎ በሁለት ጣት ጫፍ ሲደገፍ፣ አይሮፕላኑ ጠፍጣፋ ሆኖ ወይም አፍንጫውን ጥቂት ደፍቶ ይቁም። ጅራቱ ከወደቀ ፈጽሞ አይብረር።

ሰርቮዎቹን ከጅራት ያራቅናቸው ለዚህ ነው። ጅራቱ ከማእከሉ 25 ሳንቲሜትር፣ አፍንጫው ግን 8 ሳንቲሜትር ብቻ ቢርቅ፣ በጅራት ላይ የተጨመረች አንዲት ግራም በአፍንጫ ላይ ሦስት ግራም እርሳስ ትጠይቃለች። የአንዲት ግራም ስሕተት አራት ግራም ሆነች ማለት ነው። ስለዚህ ሚዛኑ መስተካከል ያለበት ባትሪውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በማንቀሳቀስ እንጂ እርሳስ በመጫን አይደለም።

7. የመጀመሪያው በረራ

ስለ ራዲዮ መሣሪያና ሰው ሳይኖርበት ስለሚበር ነገር ያለውን ደንብ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ጠይቆ አስፈላጊውን ፈቃድ ማግኘት ይገባል። ቦታው ሰው የማይበዛበት፣ ረዥም ሣር ያለው ሜዳ፣ ጊዜውም ነፋስ ያልተነሣበት ማለዳ ይሁን። አይሮፕላናችን በሴኮንድ 7 ሜትር ያህል የሚጓዝ ቢሆን፣ በሴኮንድ 4 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ሲገጥመው የሚተርፈው 3 ሜትር ብቻ ነው፤ ነፋሱ ቢያይል ወደ ኋላ ይወስደዋል።

መጀመሪያ አስተላላፊው ከዚያም ባትሪው ይከፈት። መሪዎቹ በትክክለኛው ወገን መሄዳቸው ይታይ። አንዱ አይሮፕላኑን ይዞ ሲቆም ሌላው ራቅ ብሎ ትእዛዙ መድረሱን ይፈትን፤ አስተላላፊው ሲጠፋም ሞተሩ ራሱ መቆሙ ይረጋገጥ። ከዚያ ሞተሩ ሳይነሣ፣ በነፋሱ ትይዩ፣ አፍንጫው ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ በእጅ ለቀቅ ይደረግ። መወርወር አያስፈልግም። ቀጥ ብሎ በቀስታ ከወረደ ሚዛኑ ደኅና ነው። አፍንጫውን አንሥቶ ቆም እያለ ከወደቀ ባትሪው ወደ ፊት፣ ወዲያው ከተደፋ ወደ ኋላ ጥቂት ይሂድ። ይህ አምስት ስድስት ጊዜ ተደጋግሞ ሳይስተካከል ሞተር አይነሣ። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል።

በአየር ላይ ሁለት ነገሮች ይታወሱ። አንደኛ፣ አይሮፕላኑ ወደኛ ሲመጣ ግራና ቀኙ ይለዋወጥብናል። ስለዚህ ክንፉ ወደ ዘቀዘቀበት ወገን የመሪውን በትር መግፋት ነው፤ ያን ጊዜ ይቃናል። ሁለተኛ፣ የጎን መሪ ብዙ ከተያዘ አይሮፕላኑ እየተሽከረከረ ቍልቍል ይወርዳል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ደንግጦ የከፍታውን መሪ ይስባል፤ ይህ መዞሩን ያጠብቀዋል እንጂ አያድንም። መድኃኒቱ ሞተሩን ቀንሶ፣ የጎን መሪውን ለቆ፣ ክንፎቹ እስኪቃኑ መጠበቅና ከዚያ በኋላ ብቻ በቀስታ ማንሣት ነው። ከፍታ ካለ አይሮፕላኑ ራሱ ያደርገዋል፤ የፔኖ ክንፍ ሥራው ይኸው ነውና።

8. መደምደሚያ

ዛሬ ተሠርቶ ያለቀ የፎም አይሮፕላን በሣጥን ገዝቶ በዚያው ቀን ማብረር እንደሚቻል እናውቃለን፤ በዚያ የሚደሰተውንም አንነቅፍም። ነገር ግን የገዛው ሰው ሲወድቅበት ሌላ ይገዛል፤ የሠራው ሰው ግን ለምን እንደ ወደቀ ይጠይቃል። ያ ጥያቄ ነው ተማሪ የሚያደርገው። በ1.225 ፋንታ 0.91 ብሎ ያሰላ ሰው የሌላ አገር መመሪያ እንዳለ ሲገለበጥ በራሱ አገር አየር ላይ እንደማይሠራ በገዛ እጁ አይቶታል፤ ይህም ትምህርት ከአይሮፕላን ውጭ ላለው ነገር ሁሉ ይጠቅማል።

ስለዚህ ይህን ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ሰው ከባትሪውና ከሞተሩ በፊት አንድ ነገር ያግኝ፤ እርሱም የግራም አሥረኛ የሚለይ ትንሽ ሚዛን ነው። የሚገባውን ዕቃ ሁሉ እየመዘነ ይጻፍ። ድምሩ ከአሰበው ያለፈ እንደ ሆነ፣ መቀነስ የሚቻለው ሙጫው ሳይደርቅ ነውና ያን ጊዜውኑ ይቀንስ።